ሦስት ሰው በአንድ ብርድ ልብስ

«ጠመንጃችሁን አስረክቡ፤ አካፋና ዶማ ተረከቡ» አለን ሻምበሉ። ደሴ ላይ ነበር፣ ገና ጎህ ሳይቀድ። ዘመኑ የስልሳ ስድስቱ ረኃብ ነው። ከየክፍሉ የተለቃቀምን ዘጠኝ ወታደሮች ነበርን፤ አንዳችን የሌላውን ስም እንኳ አናውቅም። ከሰዓት በኋላ ቆቦ ገባን።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በዋጃ መንገድ ዳር፣ እህል ይሰጣል ሲባል የመጣው የራያ ሕዝብ ሜዳ ላይ ወድቋል። የሞተውና ያልሞተው ጎን ለጎን ተኝቷል። የእኛ ግዳጅ የሞተውን እያነሱ መቅበር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሳፍሩ ነበሩ። አንዱን ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሌላው አካፋ ይጠፋበታል። በላይ የሚባል የጎጃም ሰው «እኔ የተቀጠርኩት ለውጊያ ነው» ብሎ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አለቃችን አሥር አለቃ ታደሰ አልተቆጣም።

«ከዛሬ ጀምሮ ብቻውን የሚያነሳ የለም፤ ብቻውን የሚበላም የለም» አለ።

ጥንድ ጥንድ አደረገን። በላይን ከሰይድ ጋር አጣመረው። ሰይድ የጎብዬ ልጅ ነው፤ የሚቀበሩት ወገኖቹ ናቸው። አንገታቸውን እያየ፣ ማተብ ያለውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሌለውን ወደ እስላም መቃብር ይለይ ነበር።

አንድ ጠዋት ራቁቷን የሞተች ሴት አገኘን። መገነዣው አቡጀዲ አልቋል። ሰይድ «ኢና ሊላሂ» ብሎ በራሱ ብርድ ልብስ ጠቀለላት፤ ቀበርናት። ማታ በላይ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጠለት።

«ግባ። በብርድ ብትሞት ጉድጓድህን ለብቻዬ ልቆፍር ነው?»

ሳቅን። ቆቦ ከወረድን የመጀመሪያው ሳቃችን ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዘን ብርድ ልብሳችንን ተራ በተራ ለሙታን ሰጠን፤ በቀሩት ሦስት ሦስት ሆነን እንተኛ ጀመር። በላይ ጥላውን ተወ፤ ሰይድን እየቀደመ ያነሳ ነበር። ጭካኔም አብሮ መጣብን። እናቶች የሞተ ልጃቸውን አንለቅም ሲሉ ከእቅፋቸው እንነጥቃለን። የአንዱ እጅ ከዛለ የሌላው ይነጥቃል። ማንም ወደ ኋላ አይልም።

ከዚያ በኋላ በላይን ትኩሳት ያዘው። ከጤና ጣቢያው የመጣው ድሬሰር የበላይን ሸሚዝ ገልብጦ ስፌቱን አየ።

«ተስቦ ነው። የሚያዛምተው ቅማል ነው። ብርድ ልብሶቹን አቃጥሉ፤ እሱን ለብቻው አስተኙት።»

«ብቻውን አይተኛም» አለ አሥር አለቃ ታደሰ።

«እንግዲያው ተያይዛችሁ ትሞታላችሁ።»

ብርድ ልብሶቹን አቃጠልን። በላይን ግን አልለየነውም። ሰይድ የበላይን ራስ ደገፍ አድርጎ ውኃ ያጠጣው፣ ሲቃዥም ጥብቅ አድርጎ ይይዘው ነበር። በላይ አንድ ማለዳ እቅፉ ውስጥ ሞተ። ሰንበት ብሎ አሥር አለቃው ወደቀ። እስኪሞት ድረስ «ሁላችሁም በላችሁ?» ይል ነበር። ከእሱ በኋላ ሰይድ፣ ከሰይድ በኋላ ወልዴ የሚባል የከፋ ጠቅላይ ግዛት ልጅ። እኔም ታምሜ ነበር፤ ተረፍኩ።

ሻምበሉ ተተኪዎች ይዞ ሲመጣ ተሰልፈን የጠበቅነው አምስት ነበርን። እኛን አየ። ወደ አዲሶቹ ዞሮ «እርስ በርስ አትጠጋጉ» አላቸው።

ከዘጠኛችን አራቱ ቆቦ ቀሩ፤ ሦስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ሰይድ ከወገኖቹ ጎን። የሜዳውን ሙታን ቁጥር ግን አላውቅም፤ የጠየቀንም አልነበረም።

ወጣቶች ስለ አንድነት ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አልቃወምም። ባንዋደድ ኖሮ ያን ሁሉ ሰው ጅብ ይጨርሰው ነበር። ባንዋደድ ኖሮ ደግሞ አራቱም ምናልባት ቤታቸው ገብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው ነበር።