በቅቤ የታሸች ቺንጋ

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የመኪናን ሕመም በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ሌላ ወላድ አልወለደችም። ሐረጎ ዳገት ላይ አንዲት መኪና ብታስነጥስ፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ቤቴ ጋደም ብዬ «ይማርሽ፣ ካንዴላሽ ነው» እላለሁ። የሚጠራጠር ካለ ሚስቴን ይጠይቅ። ወይም አይጠይቃት፤ እሷ የምታወራው የቅቤውን ነገር ብቻ ነው።

የቅቤው ነገር እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ አባወራ ሳለሁ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው የማመላልስባት አንዲት አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረችኝ። ቤታችን የሚበላው እሷ ስትሮጥ ነው፤ እሷ ቆመች ማለት ድስታችን ተደፋ ማለት ነው። አንድ ሰሞን ሞተሯ በተነሳ ቁጥር ጅብ እንደያዛት አህያ ትጮህ ጀመር። ኮፈኑን ከፍቼ ጆሮዬን አስጠጋሁና ቺንጋዋ መሆኗን ወዲያው አወቅሁ፤ ያቺ ከሞተሩ ጉልበት ተቀብላ ዲናሞውንና የራዲያተሩን ማራገቢያ የምታዞረው የጎማ ጠፍር። እስከዚህ ድረስ ሊቅ ነበርሁ። መድኃኒቱ ላይ ግን የወሎ ልጅነቴ አሸነፈኝ። እኛ ዘንድ ራስ ቢፈልጥም ቅቤ፣ ወገብ ቢይዝም ቅቤ፣ ቆዳ ቢደርቅም ቅቤ ነው። «ደርቃ ነው» አልሁና አማቴ ከደሴ ዙሪያ በላኩት ለጋ ቅቤ እንደ ሙሽራ አሸኋት።

«አንተ ሰውዬ! እኔ ራሴን ያልተቀባሁትን?» አለች ሚስቴ።

«አብሽሪ! ነገ ድምጿን ብትሰሚ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል።»

በማግስቱ እውነትም መኪናዋ ዝም አለች። ለአንድ ጠዋት። ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ ስመለስ ቅቤው ቀለጠ፣ ቺንጋዋ ተንሸራተተች፣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ራዲያተሩ እንደ ሽሮ ተንተከተከ። ተሳፋሪው እየወረደ፣ እኔ ውሃ እየጨመርሁ እንደ ምንም ደሴ ስንገባ ጩኸቷ ብሶ ተመለሰ፤ የፊተኛው ዜማ ነበር ለካ!

በዚያች ሰዓት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆጤ መንገድ ዳር ሕዝቡን ሰብስቦ ያስተምራል። «የጠላቶቻችን ድምፅ ለዘለዓለም ጠፍቷል!» ብሎ እጁን ሲያነሳ መኪናዬ ደረሰች። ምን ልበላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ማዶ ያሉት የሐርቡ ውሾች ሳይቀሩ መልስ የሰጡ መሰለኝ። ሴቱ በነጠላው፣ ወንዱ በጥምጣሙ አፉን ሸፈነ።

«አቁም!» አለ ሊቀመንበሩ። «ይህ አሻጥር ነው! ስብሰባ መበጥበጥ ነው!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቺንጋ እኮ ናት፤ የማንም ድርጅት አባል አይደለችም» አልሁት።

የታፈነው ሳቅ አመለጠ። ያንገበገበውም ይኸው ነው። አብዮት ጠባቂዎቹን ጠራና መኪናዬን አስገፍቶ ከቀበሌው ግቢ አስገባት፤ አፍንጫዋን ከግንብ ጋር አፋጠጧት። «እስከ ዓርብ ዝም ካላሰኘሃት ለቀበሌው ተወርሳለች» አለኝ።

ሚስቴ ይህን ስትሰማ ወገቧን ይዛ በራችን ላይ ቆመችና ወደ ቀበሌው ጮኸች። «እኔንም አብራችሁ ውረሱኛ! እሷ ከሄደች ማን ሊያበላኝ ነው?»

ጎረቤት ሁሉ «ሂድና ጎንበስ በልለት፣ ይቅር ይልሃል» ብሎ መከረኝ። ወላሂ አልጎነብስም አልሁ። ጎንበስ የምለው ኮፈን ሥር ብቻ ነው።

በማግስቱ ቁልፎቼን አንጠልጥዬ ግቢው ገባሁ። ሊቀመንበሩ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ።

«ይህ ጋራዥ ነው ያለህ ማን ነው?»

«የታሰረ በሽተኛ መጠየቅ ክልክል ነው እንዴ፣ ጓድ?»

ቺንጋዋን ፈትቼ ዲናሞውን በእጄ አዞርሁት። ያለ አንዳች ድምፅ ተሽከረከረ። «ይኸኛው ነጻ ነው፤ ይፈታ» አልሁ ጮክ ብዬ። ጠባቂዎቹ ሳቃቸውን ሊደብቁ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ቺንጋዋማ ቅቤ ጠጥታ እንደ መስታወት ታበራለች። ሚስቴ ባመጣችልኝ እንዶድ ሁለት ጊዜ አጠብኋት፣ አጥሩ ላይ አሰጣኋት፣ ስትደርቅ መልሼ አስገባኋት። ሞተሩን ሳስነሳ አሁንም አቃሰተች። በጣሳ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረግሁባት፤ ጩኸቷ ባሰ። ያኔ ነገሩ በራልኝ፤ ቺንጋ ውሃ ሲነካት ጩኸቱ የሚብስባት ላልታ ሲሆን ነው። ያን ሁሉ ቀን የጮኸችው አጥብቁኝ ስትል ኖሯል፣ እኔ ግን አለሰለስኋት!

ሞተሩን አጥፍቼ የዲናሞውን ቡሎን አላላሁ፤ ዲናሞውን በእንጨት ወደ ውጭ ወጥሬ መልሼ አጠበቅሁት። በአውራ ጣቴ ስጫናት ትንሽ እሺ ብላ እምቢ አለች፤ ልክ እንደ ሚስቴ። አስነሳሁ። መብራቱንም አበራሁ፣ ዲናሞው ሸክም እንዲሰማው። ጸጥ!

ሊቀመንበሩ ከበረንዳው ወርዶ ጆሮውን ደቀነ። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ የሚወረስ ጩኸት የለም።

«አሁን ዝም ብላ መስማት ለምዳለች፣ ጓድ፤ ስብሰባ ትችላለች» አልሁት።

ጥርሱን ነከሰ። «በቃ፣ ውሰዳት። ወደ ኋላ አውጣትና ከዓይኔ ጥፋ።»

ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ። «አላወጣም። ገፍቶ ያስገባ፣ ገፍቶ ያውጣ!»

ሚስቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ስንቱ እንደ ወጣ ቀርቷል። ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ ወሬ ሊያይ አጥሩ ላይ የተንጠላጠለውን የሰፈር ሰው ሁሉ አየ፤ ከሁሉም በላይ ከዓይኑ እንድጠፋለት ሳይፈልግ አልቀረም፣ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን አንግተው መኪናዬን እየገፉ መንገድ ላይ አወጡልኝ። እኔ መሪውን ይዤ እንደ ንጉሥ ተቀምጫለሁ።

ደሴ ይህን ሳያወራ አላደረም። «አብዮት ጠባቂ ያስገፋው» እየተባለ ከሆጤ እስከ ኮምቦልቻ ስንት ሻይ ተጋበዝሁ። ጀግናም ተባልሁ፣ ልበ ሙሉም ተባልሁ፤ አንዱንም እምቢ አላልሁ።

እውነቱ ግን ይህ ነው፦ መኪና ወደ ኋላ መንዳት አልችልም ነበር። ሰው ባመላለስሁባቸው ዓመታት ሁሉ የማቆመው ወደ ፊት በሚያስወጣ ቦታ ብቻ ነበር። ዛሬም አልችልም።