በረኪና የማይገባበት ቤት

እትዬ ዓባይነሽ ሰው ቤት ገብተው ከመቀመጣቸው በፊት አንድ ጣታቸውን የመስኮቱ ደፍ ላይ ሸርተት ያደርጉና ያዩታል። ቀጥሎ የቤቱን ባለቤት ያዩዋታል። አይናገሩም። ቢናገሩ ይሻል ነበር፤ ዝምታቸው ነው ሰው የሚገድለው። እኔን ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳዩኝ አልነግራችሁም፤ ብቻ አሁን አሁን ሲመጡ ሳይ ሮጬ መስኮቴን እወለውላለሁ፣ ምን በወጣኝ!

ሜሪ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚሁ ቦንጋ እሳቸው ግቢ ተከራይቼ፣ የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ ዘርግቼ እውላለሁ። ከዚያ ሆኜ የማላየው፣ የማልሰማው ነገር የለም። ሐሜት አይደለም፣ ሥራዬ ቦታው እዚያ ስለሆነ ነው።

ሴትዮዋ ለጽዳት ብለው ከሱቅ የሚገዙት ጨው ብቻ ነው። የጠቆረ ድስት በአመድና በሎሚ ልጣጭ ይፈትጋሉ። ጋቢ በእንዶድ ያጥባሉ። የኮረሪማ ገለባ በስስ ጨርቅ ቋጥረው ልብስ ሣጥን ውስጥ ይከታሉ፣ ብል አጠገቡ አይደርስም። እንደምታውቁት የእኛ አገር ዝናብ ክረምት በጋ አይልም፤ ግድግዳ ይሻግታል። ያኔ ዋናው መድኃኒታቸው ይወጣል። የማር ገንቦ ሲያጥቡ እጣቢውን ጀሪካን ውስጥ ያጠራቅሙታል፣ ከርሞ ከርሞ እንደ አቼቶ ይኮመጥጣል። «ኮምጣጣው» ነው የሚሉት። ጨው ነስነስ አድርገውበት በጨርቅ ሲያሹት ሻጋታው ልቅቅ ይላል። እውነት ለመናገር ይሠራል፣ እኔም ቤቴን ወልውዬበታለሁ።

በረኪና ግን ጠላታቸው ነው። ሽታው ሲሸታቸው «ቤቴን ክሊኒክ አደረጋችሁት እንዴ?» ብለው ግቢውን ያናውጡታል። አፀደ የምትባል፣ እንደኔው ተከራይ የሆነች የቢሮ ጸሐፊ አለች። አንዴ የእሷን በረኪና ከነሃይላንድ ጠርሙሱ አንስተው ሽንት ቤት ደፉባት። አፀደ ሰው ፊት አለቀሰች። ከዚያ በኋላ በረኪና የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እኔም ተወችው ብዬ ነበር።

አሁን ልጃቸው ሠናይት ወለደች። ሴት ልጅ፣ የምታምር፣ ድምጿ ግን የጥሩንባ ነው! ባሏ ኤርምያስ ዋጫ ከተማ ነው የሚያስተምረው፤ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ታረሰች። እትዬ ዓባይነሽም የአራሷን ክፍል እንደ ማር ቀፎ ደፈኑት። መስኮቱ ተዘጋ፤ በላዩ ጆንያ ተቸነከረ፤ በጆንያው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ። የጣውላው ስንጥቅ ሁሉ ሳይቀር በጨርቅ ተጠቀጠቀ። አንድ ቀን ደፍሬ «እትዬ፣ ልጅቷ ትንሽ አየር ታግኝ እንጂ» አልኳቸው። «አንቺ ወልደሻል?» አሉኝ። አልወለድኩም። አፌን ያዝኩ።

በኋላ አፀደ ናት ምክንያቱን የነገረችኝ። ከሠናይት በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው አሉ። ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። የዚያን ጊዜ የነበሩት ሴቶች እንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ «በሩን ከፍተሽ ብርድ አስመታሽው» አሏቸው። በሬሳው ፊት! ልጁ በምን እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ ቃሉ ግን ሴትዮዋ ሆድ ውስጥ ቀረ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ስለ መስኮቱ ትንፍሽ አላልኩም።

በዚያ ሳምንት ኤርምያስ ደወለና እናቱ ከዋጫ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ እንደሚመጡ ተናገረ። ጉድ ፈላ! ቤቱ ተገለበጠ። ሣጥን ወጣ፣ ሣጥን ገባ፤ ብርጭቆ ተቆጠረ፣ ድስት ተፈተገ። እትዬ ዓባይነሽ ደግሞ ጉንፋን ጥሏቸው፣ አፍንጫቸው ድፍን ብሎ፣ ድምፃቸው የወንድ ሆኖ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት። ነገሩ ሁሉ አልቆ አንድ ነገር ቀረ፦ በአራሷ ክፍል፣ ከፍራሹ በላይ፣ ግድግዳው ላይ የወጣ ጥቁር ሻጋታ። ክፍሉ ተደፍኖ ሰንብቶ የለ፣ ሻጋታውም ጊዜ አግኝቶ ተንሰራፍቷል። «አማቷ ይህን አይታ ዋጫ ላይ ልታወራብኝ?» አሉ። ክፍሉ ይለቀቅ ብላቸው አራስ ከክፍሏ አትወጣም አሉ። እዚያው እንዳለች ሊያጸዱት ቆረጡ።

ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ነው የሚወርደው፤ ጓሮ ያለ ሰው በረንዳ ላይ የሚባለውን አይሰማም። የሕፃኗን የሽንት ጨርቅ እኛ ተከራዮቹ በየተራ ነበር የምናጥበው፤ ያን ቀን ተራው የአፀደ ነበር። በመተላለፊያው፣ ከአራሷ በር አጠገብ፣ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፋ ቆየችና ጨርቁን አውጥታ ከጓሮ ቧንቧ ልታለቀልቅ ሄደች። የቀሩትን ጨርቆች ልትዘፈዝፍበት ውሃውን እዚያው ተወችው። እትዬ ዓባይነሽ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው መጡ፣ ባልዲውን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው። «ተባረኪ አፀደ፣ ቀድታልኛለች!» አሉና ባልዲውንም ጀሪካኑንም ይዘው ገቡ። መቀርቀሪያው ሲዘጋ ሰማሁ።

ቆይቶ ሳል ሰማሁ። የእትዬ ነው፣ ጉንፋን ነው ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ። ከዚያ የሠናይት ሳል ተጨመረ፣ ደረቅ፣ የሚቧጥጥ፤ ሕፃኗም ጩኸቷን ለቀቀችው። እትዬ ዓባይነሽ ከውስጥ ጮኹ።

«ይኸው! ይኸው ብርድ ገባብሽ! ዛሬ ይህን በር ማነው የከፈተው?»

በበሩ ሥር የሚታየው የመብራት ጭላንጭል ጠፋ። ከውስጥ ጨርቅ እየጠቀጠቁበት ነበር። በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምን እንደሆነ ገና ሳላውቅ አፀደ የተጨመቁትን ጨርቆች ታቅፋ ከጓሮ መጣች።

«ሜሪ፣ ባልዲው የታል?»

«እትዬ ይዘውት ገቡ።»

«ይዘውት? ምን ሊያደርጉበት?»

«ግድግዳውን ሊያጥቡበት ነዋ። ኮምጣጣውንም ይዘዋል።»

ጨርቆቹ ከእቅፏ ጭቃው ላይ ወደቁ። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አፀደ፣ ባልዲው ውስጥ ምንድነው ያለው?»

«ውሃ... ውሃ ነው።»

«አፀደ!»

«በረኪና ነው! ነጭ አልሆን ብሎኝ ሙሉውን ሃይላንድ ነው የገለበጥኩት። ሜሪ፣ ከኮምጣጣ ጋር አይሆንም! መሥሪያ ቤታችን ጽዳት የምትሠራዋ ልጅ ደባልቃው ራሷን ስታ ነው ያወጣናት።»

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

«እትዬ፣ ይክፈቱ! ቶሎ ይክፈቱ!»

«አብደሻል? ዝናብ ነው እኮ! ብርድ ልታስገቢባት ነው?» ሳል። እንደገና ሳል።

«ባልዲው ውስጥ በረኪና አለ!»

«ቤቴ በረኪና የለም!»

አየር አጥሯቸው እያለከለኩ እንኳ ቤታቸውን ያስከብራሉ! በዚያ ሰዓት ባገኛቸው አንቃቸው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አፀደ በሩ ላይ ተለጠፈች።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት እትዬ! ደብቄ ነው! ይግደሉኝ፣ ብቻ ይክፈቱ! ልጅቷ ታልቅብናለች!»

እስካሁን የምትጮኸው ሕፃን ዝም አለች። ያ ጥሩንባ ድምፅ ቀጥ! አፀደም ሰማች፣ እኔም ሰማሁ። ከበሩ ወዲያ ደግሞ እትዬ ዓባይነሽ ቆመዋል፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ስለጥፍ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማኛል፣ መቀርቀሪያው ግን አይንቀሳቀስም። የያዛቸውን አውቄዋለሁ። በሩን ከከፈቱ ያ የሞተባቸው ልጅ ነው የሚመጣባቸው፣ እነዚያ ሴቶች ናቸው የሚመጡባቸው።

«እትዬ፣ የሚገድላት ውስጥ ያለው ነው!» አልኩ። «ውጭ ያለው ዝናብ ብቻ ነው!»

መቀርቀሪያው ተፈናጠረ።

ሽታው እንደ ጥፊ መታኝ። እትዬ ሕፃኗን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ፣ ዓይናቸው ደም መስሏል። እኔ ትንፋሼን ውጬ ገባሁ። ሠናይት መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተኝታ ጉሮሮዋን ይዛለች። ብብቷን ይዤ ጎተትኳት፣ አፀደ እግሯን ያዘች፣ እንዴት እንዳወጣናት አላውቅም። ደረቴ በርበሬ የታጠነ መሰለኝ።

ወደ መተላለፊያው ስንደርስ እትዬ ዓባይነሽ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ሽታው እየተከተለን ነው፤ እሳቸው ግን ዝናቡን እያዩ እግራቸው አልነሣ አለ።

«እዚህ ይብቃን፣ እዚህ ይብቃን» ይላሉ።

«ውጭ!» አልኳቸው። በሕይወቴ እሳቸው ላይ ጮኼ አላውቅም። «እትዬ፣ ወደ ውጭ!»

አዩኝ። ከዚያ ከበረንዳው ወረዱ። ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ ነጠላውን ከልጅቷ ፊት ገልጠው፣ ዝናቡ መሐል ቆሙ። «ተንፍሺ የኔ እናት» ይሏታል፣ «ተንፍሺ በሞቴ፣ ተንፍሺ።» ከንፈሯ ወይን ጠጅ መስሎ ነበር። ወይኔ፣ ያችን ሰዓት ጠላቴም አይያት! ከዚያ ሕፃኗ አስነጠሰች፣ ሳለች፣ ቀጭን የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ አወጣች። እትዬ ዓባይነሽ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

አዲሱ የሚባለው ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጩኸቱን ሰምቶ ባጃጁን አጥር ድረስ አስጠጋ። ሠናይትን ደግፈን አስገባናት። እሱ ለአራስ አዝኖ የጎኑን ሸራ ሊያወርድ ሲል እትዬ ዓባይነሽ ልጃቸውን አዩ፣ ሸራውን አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ተወው፣ ክፍት ይሁን» አለች ሠናይት እየሳለች።

ሆስፒታል እናትና ልጅን ኦክስጅን ሰጧቸው። እኛን ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን፣ ከእግር እስከ ራሳችን በስብሰን። የተቀበለን ነርስ ሰላሐዲን ይባላል፤ ሁሉን በቀስታ ጠየቀን። ክፍሉ መስኮት ነበረው ወይ ሲል እትዬ ዓባይነሽ «ነበረው» አሉ። ዘግቼው ነበር አላሉም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ እየተመላለሰች የምታለቅሰው አፀደ ናት። እትዬ ዓባይነሽ ብዙ ካዩዋት በኋላ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው ጠየቋት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እኔ ይቅርታ ትጠይቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አፀደ እንባዋን ጠረገች።

«ስለምፈራዎት» አለች።

እንድከራከርላቸው ይመስለኛል ወደ እኔ ዞሩ። መሬት መሬት አየሁ፣ ምን ልበል? እኔም እፈራቸዋለሁ። ልጃቸውም ትፈራቸዋለች።

ሊመሽ ሲል ሰላሐዲን ወጥቶ የሕፃኗ ሳንባ ንጹሕ መሆኑን፣ ለጥንቃቄ ግን እዚያው እንደሚያድሩ ነገረን። አፀደ እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች። ተከታትለን ገባን። ሠናይት ትራስ ደግፋ ተቀምጣለች፣ ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ናት፣ ዓይኗን ከፍታ ጣሪያውን ታያለች። አንጀቴን በላችው።

እትዬ ዓባይነሽ ከደጃፉ አላለፉም። በጭቃ በተለወሰ ቀሚሳቸው እዚያው ቆመው ልጃቸውን ያያሉ። እኚህ ሴትዮ የማንንም ቤት ሳያንኳኩ የሚገቡ፣ የማንንም ልጅ ከእናቱ እቅፍ ነጥቀው የሚያዝሉ ሴት ናቸው።

«ልያዛት?» አሉ።

ሠናይት ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት። አፀደ ወደ እኔ አየች። እኔ «ስጫት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት፤ የምሰጠው የኔ አልነበረም።

«እማዬ፣ እጅሽን ታጥበሻል?» አለች።

እትዬ ዓባይነሽ እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ደጋግመው ሳቡ። አፍንጫቸው አሁንም ድፍን ነው፣ ምንም አልሸተታቸውም። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው አዩዋቸው፣ ገለበጧቸው፣ አዩዋቸው።

«አልታጠብኩም» አሉና ወጡ።

በመተላለፊያው ያለው ቧንቧ ሲከፈት ተሰማን። ሠናይት ልጅቷን ከትከሻዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አስተኛቻት። ውሃው ሲወርድ ቆየ፤ እትዬ ዓባይነሽ ግን ቶሎ አልተመለሱም።