ሆዳን የቆጠረችልኝ ስሞች

ስወጣ ለሦስት ሳምንት ብዬ ነው። ሻንጣውን እንኳ ከእህቴ ነው የተዋስኩት። ከቤተክርስቲያናችን አምስት ሆነን፣ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ባለ የሕፃናት ማሳደጊያ ልብስ ልናጥብ፣ ግድግዳ ልንቀባ፣ ልጆች ልናስተምር። የድሬ የከሰዓት ፀሐይ አስፋልቱን ሲያቀልጠው እናቴና ኤዶ ዘሀራ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኙኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት እንደ ማለት ነው፤ ዘሀራ ቀፊራ ገበያ ከእናቴ አጠገብ ልብስ ትሸጣለች። ግማሹን ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ሶማሊኛውንም የቻልኩት ከእሷ ነው።

"አቦ ቶሎ ነይ፣ እናትሽን እኔ ላይ ጥለሽ እንዳትጠፊ" አለችኝ። ሳቅን።

ናይሮቢ ብርድ ጠበቀን። ድሬ ያደገ ሰው ሹራብ የት ያውቃል? ኡጋሊ የሚሉት ምግብ ሲቀርብልኝ ገንፎ መስሎኝ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ፈለግኩ፤ የለም። ገና በሦስተኛው ቀን ፈጢራ በማር አማረኝ። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ሽማግሌውን ሳይቀር "አንተ" እያልን ትከሻውን መታ አድርገን ለምናወራ ለእኛ ለድሬዎች ይከብዳል።

እዚያ አንዲት ልጅ ነበረች፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፖሊስ አውቶቡስ ተራ ብቻዋን አግኝቶ ነው ያመጣት። በስዋሂሊም በእንግሊዝኛም ቢያናግሯት ሁለት ወር ሙሉ ቃል አልወጣትም። የማሳደጊያው ኃላፊ ማማ ግሬስ "ዲዳ ናት" አለችን። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ከገመዱ ሥር ቁጭ ብላ ለራሷ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ሶማሊኛ ነው። በእጄ የያዝኩት አንሶላ ጭቃ ላይ ወደቀ። ስሟን በሶማሊኛ ጠየቅኳት።

"ሆዳን" አለች። ከዚያ የሁለት ወሩን ወሬ ባንድ ከሰዓት አወረደችው።

ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ የቡድናችን መሪ ወንድም ዮናታን ሻንጣዬ አለመታሰሩን አየ።

"ትንሽ ልቆይ" አልኩት።

"ትንሽ ማለት ስንት?"

ሆዳን ቀሚሴን ይዛ ቆማለች።

የመቆያ ፈቃድ ላራዝም ኢሚግሬሽን ሄድኩ። ሰውዬው ቅጹን ይዞ ለምን እንደምቆይ ጠየቀኝ።

"ከእኔ በቀር ከማንም ጋር የማታወራ ልጅ አለች።"

"ዘመድሽ ናት?"

"አይደለችም።"

"የቤተክርስቲያናችሁ ልጅ ናት?"

"ሙስሊም ናት።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?" ራሱን አከክ አከክ አደረገና "ቱሪስት" ብሎ ጻፈ።

አንድ ቀን ሆዳንን የአባትሽ ስም ማን ነው ስላት አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እያለች እስከ ዘጠነኛው ድረስ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አወረደችልኝ። ሶማሌ ዘመዱን የሚያገኘው በዘር ቆጠራ ስለሆነ በስልኬ ቀዳሁና ለኤዶ ዘሀራ ላክሁላት። ሰዓት ሳይሞላ ደወለች።

"ስድስተኛው ላይ ያለውን ሰውዬ ዘሮች የሚያውቅ ሹፌር አለ። ልጅቷን የትም እንዳትሰጪብኝ።"

ኤዶ ዘሀራ ከሹፌር ወደ ባለሱቅ፣ ከድሬ ወደ ጅግጅጋ ስትደውል ሰነበተች። በአሥራ አንደኛው ቀን አንዲት ሴት እዚያው ናይሮቢ ሆና ደወለችልኝ፤ የሆዳን አክስት ናት። እናቷ መንገድ ላይ ታማ ሆስፒታል ገብታ ሞታለች፤ ልጅቷ በግርግሩ ጠፍታ አክስቷ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስትፈልጋት ነበር የከረመችው። ወረቀት ይዛ መጣች፣ ፖሊስም አጣርቶ ፈቀደ። ሆዳን አክስቷን ስታይ ቀሚሴን ለቀቀች። ስትሄድ ዞራ አላየችኝም። ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ በመናደዴ ደግሞ አፈርኩ።

ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ። ማሳደጊያው ውስጥ አስተምራለሁ፣ ቤትም ተከራይቻለሁ። እየተነሳሁ ሻንጣዬን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ።

ትናንት እናቴ ደወለች። ከኋላዋ የቀፊራ ጫጫታ ይሰማል።

"ልጅቷ እንደሆነ ወደ ሰዎቿ ሄደች። አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?"

ሳላስበው "ባዶ" አልኳት። በስዋሂሊ ገና ነው ማለት ነው፤ አፌ ለምዶት ነው።

እናቴ ቀስ ብላ፣ "ምኑ ነው ባዶ፣ ልጄ?" አለችኝ።

ላርማት ፈለግኩ። ግን አላረምኳትም።