የአራት ነጥብ ቁልፍ

ሚዛን ተፈሪ ከተማ ኪቦርድ አይበረክትም። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ አይለቅም፣ የቢሮው ግድግዳ ያልበዋል፣ ትናንት ደህና የነበረው ቁልፍ ዛሬ ቢጫኑት ቢደበድቡት አልሰማም ይላል። አዲስ ይገዛልን ብለን የጻፍነው ደብዳቤ ዞሮ ዞሮ መልስ እስኪያገኝ ሌሎች ሦስት ቁልፎች ይሞታሉ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ፤ ባለሙያ ማለት ጠጋኝ ማለት ነው።

መላዬ ቀላል ነበር። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ የሚወስን ትንሽ ፋይል አለ። ቁልፉ ሲሞት ፋይሉን ከፍቼ ፊደሉን ወደ ሌላ ቁልፍ አዛውረዋለሁ። የቱን የት እንዳዛወርኩ ስለምረሳ ደግሞ ጅማ አብሮኝ የተማረ ልጅ በፍሎፒ የሰጠኝ ፕሮግራም ነበረኝ፤ ማውዝ የማያውቅ፣ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ጽፈው የሚጠሩት። የፋይሉን ስም ሲሰጡት ይህ ቁልፍ ይህን ያወጣል፣ ያኛው ያንን፣ እያለ በተርታ ይዘረግፈዋል። በዚያ ፕሮግራም እንዴት እኮራ እንደነበር ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። ሰው አጠገቤ ሲቆም ሳልጠየቅ እከፍተው ነበር።

ከታይፒስቶቻችን አንዷ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነበር የምላት። እዚያው የተወለደች የቤንች ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶ ሁለት ልጆች በዚያች ደመወዝ ታሳድጋለች። የእሷ ኮምፒውተር የአራት ነጥብ ቁልፍ እምቢ ሲል ወደ ሌላ አዛወርኩላት። ግን ቸኩዬ ነበርና በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ የሚያወጣ አድርጌ ተውኩት። ወረቀት ላይ ሲታተም መሃሉ ትንሽ ሰፋ ይላል። ማን ያየዋል ብዬ ነገሬም አላልኩት። እሷም በማግስቱ ከጓሮዋ ሙዝ ይዛልኝ መጣች።

ከወራት በኋላ ኃላፊው ቢሮው አስጠራኝ። የዝናብ ልብሱን ሳያወልቅ የተቀመጠ፣ ማንነቱን ያልነገረኝ አንድ እንግዳ አብሮት ነበር።

«አንድ ጽሑፍ በየትኛው ኮምፒውተር እንደተጻፈ ማወቅ ይቻላል?» አለኝ ኃላፊው።

«እንዴታ! ጥገና የነካው ሁሉ የራሱ ምልክት አለው። ፕሮግራሙም አለኝ፣ አሁኑኑ ላሳይዎት» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

እንግዳው ወረቀቱን የሰጠኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፊርማ የለውም። በቴፒ መንገድ ያለ የጫካ ቡና ከገበሬዎች ተነጥቆ ለኃላፊው ወዳጅ እንዴት እንደተሰጠ የሚዘረዝር፣ ለበላይ አካል የተጻፈ ጥቆማ ነው። ይህንኑ ጉዳይ ስብሰባ ላይ ያነሳው የመሬት ባለሙያ ከተወሰደ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ የት እንዳለ ሚስቱ እንኳ አታውቅም። ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ ሰፋፊዎቹን አራት ነጥቦች አየሁ። የእትዬ ኮምፒውተር ነበር።

ወደ ታይፒስቶቹ ክፍል ሦስታችን ሄድን። ጊዜ ለመግዛት ከእሷ ርቆ ካለው ጥግ ጀመርኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጻፍ አቆሙና የቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ ቀረ። እንግዳው ከኋላዬ ቆሟል፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ። ጥቁሩ መስኮት ላይ የሚወርደውን ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል ሁለቱም ማንበብ አይችሉም። ልዋሽ እችላለሁ ማለት ነው።

እሷ ጋ ስደርስ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። «ና ወንድምዓለም፣ ደግሞ ምን ተበላሸ?» አለች ፈገግ ብላ። ጥቆማው ላይ ስሟን አለማስፈሯ የሚበቃት መስሏታል። ፕሮግራሙ ዘረገፈው፤ የእጄ ሥራ ከመስመሮቹ መሃል ቁጭ ብሏል።

«ይሄም እንደሌሎቹ ነው» አልኩ።

እንግዳው ስክሪኑን ዞር ብሎም አላየው። «እህቴ፣ እስቲ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊና አትሚልኝ» አላት በትህትና። ለካ የእኔ ፕሮግራም ከመጀመሪያውም አያስፈልገውም ነበር። ጻፈች፤ ፕሪንተሩ እያቃሰተ አወጣው። እንግዳው ሁለቱን ወረቀቶች ደርቦ በመስኮቱ ብርሃን አያቸውና ጣቱን አንዱ ነጥብ ላይ አሳረፈ።

«ይሄን እንዲህ ያደረገው ማን ነው?» አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ።

እሷ ወረቀቱን አየች፣ ከዚያ እኔን። ምን እንዳበላሸሁ፣ አሁን ደግሞ ምን ብዬ እንደዋሸሁላት ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ።

«እኔው ነኝ» አለች። «ቁልፉ አልሠራ ስላለኝ ሁለት ነጥቡን ሁለቴ እየነካሁ ነው የምጽፈው። እሱ ምን ያውቃል?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ፋይሉ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ሠሪው እኔ ነኝ፤ ብናገር ቢያንስ ሁለት እንሆን ነበር። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቦርሳዋን አነሳች። አጠገቧ ለተቀመጠችው ታይፒስት «ልጆቹን እናቴ ጋ አድርሺልኝ» ብላ ከእንግዳው ፊት ፊት ወደ በሩ ሄደች።

«አንተ ግን የምር አታውቅም ነበር?» አለኝ ኃላፊው።

«አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ» አልኩ። እሷ ገና በሩን አልወጣችም።