ሁሉም ክፍለ ጊዜ ስለ ቦረቦሩ

ዘንድሮ ሞጣ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የማስተምርበት ክፍል መስኮት ክፍት ነበርና፣ የረጠበ የዋልካ አፈር ሽታ ገብቶ አፍንጫዬን ሞላው። ተማሪዎቼ ወደ ውጭ ሲመለከቱ፣ እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ በሐሳብ ቢቸና ደርሼ፣ ከልጅነት ትምህርት ቤቴ ጀርባ ጎርፍ በቦረቦረው ገደል፣ በቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ያ ቦረቦር አንደኛ ክፍል ስገባ ጥጃ የሚዘለው ቦይ ነበር፤ ሰባተኛ ስደርስ ግን በሬ ከነቀንበሩ ይውጣል ይባልለት ጀመር። ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ ጓደኛዬ ወደ ጥሩዓለም ቤት ይጠጋል። እናቷ እማማ የሺ በራቸውን በሌላ ጎን አስከፈቱ እንጂ የሚሄዱበት ሌላ መሬት አልነበራቸውም።

ሰባተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ከወሎ ተመድበው የመጡት የጂኦግራፊ መምህራችን መምህር ከድር አፋፉ ድረስ ወሰዱንና፣ "የዛሬው ካርታችን ይኸ ነው፤ ዳር ዳሩን አትቁሙ" አሉን። ከዚያ ሌሎቹን መምህራን አንድ በአንድ አግባቡ። የሒሳብ መምህሩ ጥልቀቱን በገመድ አስለክተው ስንት ጋሪ አፈር እንደሄደ እንድናሰላ አደረጉን፤ የሳይንስ መምህርቷ ሥሩ አፈር የሚይዘውን ሳር ከማይዘው አስለዩን፤ ቅኔ ቤት ያደጉት የአማርኛ መምህራችን ማመልከቻ መጻፍ ሲያስተምሩን ደግሞ አንዱ ልጅ "ለተከበሩ ቦረቦር፣ ባሉበት እንዲቆዩልን በትሕትና እንጠይቃለን" ብሎ ጽፎ፣ እሳቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ድንጋይ ተሸክመን ጎርፉን የሚገታ ክትር ሠራን፣ ሳር ተከልን፣ ጎረቤቱም ከብቱን ሰበሰበ። በዚያ ክረምት ቦረቦሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ጥሩዓለም ሳሩን እንደ ራሷ ማሳ ትጠብቅ ነበር፤ "ሳድግ ሁሉንም ትምህርት ብቻዬን ነው የማስተምረው" እያለች የሰው ላም ስታባርር ትውላለች።

በዓመቱ መምህር ከድር ወደ ሞጣ ተዛወሩ። አዲሱ ርእሰ መምህር "ቦረቦር ፈተና ላይ አይመጣም" አሉ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ወደየመጽሐፉ ተመለሰ። የክትሩ ድንጋይ እየተነሣ ለቤት መሠረት ሆነ፤ ከብቱም ሳሩን ጨረሰው። ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ እማማ የሺ ልጃቸውን "ጥጃውን አስገቢው" ብለው ላኳት። አፋፉ ከነእሷ ተናደ። በማግስቱ ከታች፣ ጎርፉ ደለሉን ከጣለበት አገኟት።

መምህር ከድር ከሞጣ በሚኒባስ ደረሱ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው ቀብሩ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ከዚያ ድንኳን ገብተው ከእማማ የሺ አጠገብ ተቀመጡ። እማማ የሺ ማልቀስ አቅቷቸው ነበር።

"መምህር፣ ጀምረው ምነው ተዉት?" አሏቸው።

"ሂድ ተብዬ ሄድኩ፣ እናቴ" አሉ። "የሚይዘው ሰው ያለ መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ቦረቦሩ ያስተማረን የለም፤ እኛም ፈተናችንን አልፈን ተበታተንን። ባለፈው ጥር ልጄን ይዤ ቢቸና ሄጄ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ግድግዳ ተሰንጥቆ ክፍሉ ባዶውን ቆሟል፤ እማማ የሺ ወንድማቸው ዘንድ ተጠግተው ዓይናቸው ደክሟል። ልጄ "የጓደኛሽ ቤት የት ነበር?" ብላ ስትጠይቀኝ እጄን አነሣሁ፤ የምጠቁመው መሬት ግን አልነበረም፤ ጣቴ አየር ላይ ቀረ።