የአጎቴ ምስክርነት ስለ አንድ የሽጉጥ ካዝና

አጎቴ ቢቸና ውስጥ የጦር መሣሪያ ይጠግኑ ነበር። አሮጌ ሽጉጥ ሲመጣላቸው አስቀድመው ጥይት የሚሞላበትን ካዝና ያወጡና፣ ከሥሩ የተመታውን ቁጥር ሽጉጡ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያያሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከገጠሙ ካዝናው ከፋብሪካ አብሮት የወጣ ነው። ካልሆነ፣ «ይህ እንግዳ ነው» ብለው ለባለቤቱ ይነግሩታል፤ ቢከፋውም አይደብቁትም።

በደርግ ጊዜ አንድ ካድሬ በጥይት ተገደለ። አጠገቡ ካዝና የሌለው የጀርመን ሽጉጥ ወድቆ ተገኘ። ከሞጣ መጥቶ እኛ ከተማ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ቤቱ ሲፈተሽ ደግሞ ባዶ ካዝና ተገኘበትና ታሰረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሽጉጡንና ካዝናውን ይዞ አጎቴ ዘንድ ሲመጣ፣ እኔ ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው ነበርኩ።

«የዚህ ነው ብለው ይፈርሙልን» አላቸው።

አጎቴ ካዝናውን ሽጉጡ ውስጥ ሲከቱት ልክ ገባ። አውጥተው ሥሩን ተመለከቱ።

«መግባቱንስ ይገባል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። የዚህ ሽጉጥ አይደለም» አሉ።

«አባባ፣ እሱ ከገባ ይበቃናል። አለዚያ እርስዎም ይገባሉ።»

«ልግባ እንጂ። በሰው ነፍስ አልፈርምም።»

ያኔውኑ ወሰዷቸው። ነጋዴውንም ያለ ፊርማቸው ረሸኑት። አጎቴ ከዓመት በኋላ ሲፈቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም ነበር፤ ዳግም መፍቻ ሳይጨብጡ ኖረው ባለፈው ወር አረፉ።

የነጋዴው ሚስት ለቅሶ ልትደርስ ከሞጣ መጣች። ከጎኔ ተቀምጣ፣ «ባሌ አልገደለም ብለው የመሰከሩልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ማን ቀረኝ?» አለችኝ።