አክስቴ «ሌላስ?» ትል ነበር

አክስቴ ላፍቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረቻት። ስኳር የጠየቃትን ሰው እየመዘነችለት «ሌላስ?» ትለዋለች። ሳሙና ቢጨምርም «ሌላስ?» ትላለች። «ሌላ የለም» እስኪላት ድረስ አትለቀውም። እኔ የነጋዴ ብልጠት ነው እል ነበር።

የማህፀን በር ካንሰሯ ከጨረር ሕክምና በኋላ ሲመለስባት ሐኪሙ ዘንድ አብሬያት ገባሁ። የቀራት ከባድ ቀዶ ጥገና ብቻ ነበር።

«ማህፀንዎ ይወጣል፣ እናቴ» አላት።

«ሌላስ?»

«የሽንት ፊኛዎም።»

«ሌላስ?»

«የአንጀትዎ የታችኛው ክፍል። ከዚያ በኋላ ሽንትና ሰገራ የሚወጡት ሆድዎ ላይ በሚለጠፉ ሁለት ከረጢቶች ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«እጄና ምላሴ ከተረፉልኝማ ሱቄን እከፍታለሁ» አለች።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ተቆጣኋት። ብዙ ያነበበ ሰው ስለ ክብር የሚለው አያጣም፤ እኔም «እንዲህ ከመኖር በክብር መሞት ይሻላል» እያልኩ ከሆስፒታሉ እስከ ላፍቶ ሰበክኋት። አስጨርሳኝ «ሌላስ?» አለችኝ። ሌላ አልነበረኝም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ በሽታው ሳንባዋ ላይ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ፣ ከነከረጢቶቿ፣ ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠች። ደክሟት ነበር፤ ግን ደንበኞቿን ትሰድብ፣ ትስቅም ነበር። ተሳስቼ እንደነበር አንድም ቀን አልነገርኳትም።

አሁን ሱቁን ልጇ ይዛዋለች። ትናንት ስኳር መዝና ሰጠችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። እኔ ስኳሬን ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ሌላ ነበረኝ፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።